ማኖዝ ያልነካቸው ስላይዶች

ተመራማሪዋ ሄርሜላ ጉለሌ ባለው የግል ላቦራቶሪ፣ በተቆለፈ መጋዘን ውስጥ በጋዝ ሲሊንደር መፍቻ ተመትታ ሞታ ተገኘች። ሐኪሙ ከጠዋቱ አራት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሞተችው አለ። መርማሪ ዓለምነሽ ስትደርስ ፖሊሶቹ ሥራቸውን ጨርሰዋል፤ አስከሬኑን ያገኘችውን ዕቃ አጣቢ ቦሰናን በካቴና አስረዋል። መጋዘኑ ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፤ አንዱ የቦሰና፣ ሌላው የኃላፊው የዶክተር ዓምሃ። ለዶክተሩ ወንበር አመጡለት።

«በዚያ ሰዓት ሙከራ ላይ ነበርኩ። ስምንት የመስታወት ስላይድ፣ መዝገቡ ላይ አለ» አለ ዶክተሩ በአገጩ እያመለከተ። «ባይገባሽም።»

«አልገባኝም» አለች ዓለምነሽ። ስላይዶቹን ወደ ብርሃን አነሳች። ስምንቱም ላይ እንደተበላሸ ወተት የጓጎለ ነጭ ነገር አለ። መዝገቡ ግን «ስኳር የገባባቸው አራቱ አልጓጎሉም» ይላል።

ወደ ቦሰና ዞረች። «እማማ፣ ስኳሩ ምን ያደርጋል?»

«ስላይዱ ላይ ባክቴሪያና እርሾ ነው የሚደባለቀው፤ ባክቴሪያው ላዩ ላይ መያዣ ፕሮቲን አለው፣ ልጄ። በሱ የእርሾውን ሴል ስኳር ጨብጦ ያጓጉለዋል። የሰው ሽንት ቧንቧም ላይ የሚጣበቀው እንደዚሁ ነው። ማኖዝ የሚባል ስኳር ስትጨምሪበት መያዣው በማኖዙ ይያዝና ሴሉን ይለቃል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስላይድ ሳጥብ ጆሮዬን አልደፈንኩም።»

«የሻይ ስኳርስ?»

«እሱንማ ዞር ብሎም አያየው።»

«ማኖዙ የት ነው?»

«መጋዘን። ያለን አንድ ጠርሙስ ነው፤ እሽጉም አልተፈታም።»

ዓለምነሽ ሁሉንም ሰበሰበች። ጠዋቱን ዊንጌት ታክሲ ሲጠብቅ ያሳለፈውን የሄርሜላን ባልደረባ አክሊልንም ጨምራ።

«ሄርሜላ ለላቦራቶሪው ቦርድ ጽፋ ነበር» አለ አክሊል። «ዶክተሩ በስሙ የሚያሳትመውን ሥራ አያውቀውም ብላ።»

«ስላይዶቹን ማኖዝ አልነካቸውም» አለች ዓለምነሽ። «ውጤቱም ሳይታይ ከጭንቅላት የተጻፈ ነው። እንግዲህ ዶክተር፣ የትኛው ስኳር እንደሆነ የማያውቁ ከሆነ ሄርሜላ የጻፈችው እውነት ነው። የሚያውቁ ከሆነ ግን፣ ቁልፉ ኪስዎ እያለ ለምን መጋዘን አልገቡም?»

አላውቅም ቢል ጠበቃ ያተርፈው ነበር። አክሊል ግን ሳቀ፤ ዶክተሩ ሳቁን አልቻለውም።

«እኔ? ሃያ ሁለት ጽሑፍ ያሳተምኩት ሰውዬ? ማኖዝ ነው! ጀማሪም ያውቀዋል! እሷ ደፉ ላይ ተዘርግታ በላይዋ ተራምጄ ላምጣው?»

አክሊል ሳቁን አቋረጠ።

«እ... ማለቴ...» አለ ዶክተሩ።

«ይጻፍ» አለች ዓለምነሽ።

«ማኖዝ ማለቴም ይጻፍ» አለ ዶክተሩ።

ካቴናው እጅ ለወጠ። ቦሰና አንጓዋን እያሸች «ለሄርሜላ እናት ማን ነገረ?» አለች። ፖሊሶቹ ስልካቸውን ማየት ጀመሩ።

«ሽሮ ሜዳ ናቸው» ብላ ነጠላዋን አንስታ ወጣች።