ገደሉ ሚካኤል

የቅርስ ባለሙያዋ ከፈለች የቤተ ክርስቲያኑን መካከለኛ ምሰሶ ስንጥቅ ካየች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ቆቦ ተመድባ መጥታለች። ከከተማው በላይ በዛጉዌ ዘመን ከአለት እንደተፈለፈለ በሚነገርለት ገደሉ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አሁን ስንጥቁ ጣት ያስገባል። የኅዳር ሚካኤል ንግሥ ደግሞ ደርሷል።

የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ አያሌው ትግሉ የሚባል ወጣት ልጅ አላቸው። ከፈለች ትግሉን ያወቀችው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚያወጣው አቀበት ላይ ነው፤ ውሃ ሰጥቷት ጠጥታ እስክትጨርስ ዓይኑን ከፊቷ መንቀል አቅቶት ነበር። ከንግሡ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ተስማምተዋል።

«ስለ ስንጥቁ ዝም ልበል?» አለችው ጎብዬ ከተማ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠው።

«ዝም ብትዪ እንቅልፍ ይወስድሻል?»

በማግስቱ ቄስ አያሌው ፊት ቆመች።

«አባ፣ ምሰሶው እስኪጠገን ታቦቱ ለጊዜው በሚሠራ መቃኞ ይግባ። ሕዝቡ ውስጥ ከገባ ይደረመስበታል ብዬ እፈራለሁ።»

«አባቶቻችን የፈለፈሉትን አንቺ ልትዘጊው?» አሉ ቄሱ። ወደ ልጃቸውም ዞረው፣ «ይቺ ልጅ ደጄን እንዳትረግጥ!»

ከፈለች አቀበቱን እያለቀሰች ወረደች።

የንግሡ ዕለት ማለዳ ዝናብ ጣለ። ከፈለች ግን አላስቻላትም፤ ወጣች። ትግሉ የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዞ ቆሟል፤ ሕዝቡ ይጮኽበታል። ከግቢው ዳር ትግሉ ሰሞኑን ከጓደኞቹ ጋር የሠራው የቆርቆሮ መቃኞ ይታያል።

«ልቀቅ!» አሉት አባቱ።

«አባባ፣ ሰው ከምቀብር እርግማንዎ ይሻለኛል።»

ቄስ አያሌው ሕዝቡን በእጃቸው አስቆሙ። ከዚያ ብቻቸውን ገቡ። ወዲያው ከውስጥ ድንጋይ ሲረግፍ ተሰማ። ትግሉ ወደ ከፈለች ዞረ። አትግባ ልትለው ስትል ገባ።

ከፈለች ነጠላዋን ነክሳ በሩን ታያለች፤ ማንም አይወጣም።

በመጨረሻ ቄስ አያሌው ታቦቱን በራሳቸው አክብረው ወጡ። ትግሉ ትከሻው አቧራ ለብሶ ከኋላቸው ጥላ ይዟል። እልልታው ቀለጠ። ቄሱ በቀጥታ ወደ መቃኞው አመሩ።

ከቅዳሴው በኋላ አስጠሯት። ቀረበች።

«ምሰሶው ሲጠገን ይቆማል?» አሏት።

«አላውቅም አባ። አትዋሺኝ ካሉኝ፣ እኔም እፈራለሁ።»

ቄሱ መስቀላቸውን አሳለሟት።

«ደብረ ማርቆስ የአባትሽ ቤት የት ጋ ነው? ሽማግሌዎቹ አገሩን አያውቁትም።»