ቀይዋ አልጠፋ አለች

አባትየው የተገኙት የዘመናት ወዳጃቸው በሆነችው አሮጌ መኪና የኋላ መቀመጫ ላይ፣ እንደተኙ ነው። ጋራዡ በጢስ ታፍኗል፤ ሞተሩም ባትሪውን ጨርሶ በራሱ ጠፍቷል። የጋራዡ በር ከውስጥ እጀታ የለውም፤ ስለዚህ እንዳይዘጋ ሁልጊዜ ድንጋይ ይደገፍበት ነበር። ድንጋዩን ግን አንድ ሰው አንስቶታል።

አሁን ሴት ልጃቸው እዚያው ጋራዥ ውስጥ ቆማለች። በቀኟ ባሏ በካቴና፣ በግራዋ ታናሽ ወንድሟ። በሩ ላይ ፖሊስ። ከሁለቱ አንዱ አባቷን ገድሏል፤ ማንም ይሁን ማን የሷው ነው። ወዴት ትሽሽ?

መርማሪዋ አጠር ያለች ሴት ናት። ያለ «ቆይ» ነገር ስለማትጀምር ባልደረቦቿ ቆይ-ቆይ ይሏታል።

«ቆይ፣ እስቲ እንደገና» አለችው ወንድምየውን።

«ስንቴ ልንገርዎት? እሱ በሩን ዘግቶ ሲወጣ አየሁት። ኋላ በመስኮት ሳይ ሞተሩ ይሠራል፤ ቀይዋ የቻርጅ መብራት ቦግ ብላለች። አባባ ዲናሞውን እየሞከረ ነው ብዬ አለፍኩ።»

«ቀይዋን በደንብ አየሃት?»

«እንደ ደም ቀልታ!»

«ውሸታም!» አለ ባልየው። «እኔ ስወጣ ሞተሩ አልተነሳም፤ በሩም ክፍት ነበር። አማቼ ከምሳ በኋላ እንደ ልማዳቸው መኪናው ውስጥ ሸለብ አድርጓቸዋል። ባትሪ አልሞላ ያለውን ዲናሞ ልጠግን ካርቦኖቹን አውጥቼ፣ አምሳያቸውን ልፈልግ ሄድኩ።»

ልጅቱ ባሏን ማመን ፈለገች። ግን ትናንት «ሽማግሌው አላሠራ አሉኝ» እያለ ሲያጉረመርም ሰምታዋለች።

ቆይ-ቆይ ያስመጣችው ባትሪ ተገጥሞ ነበር። ቁልፉን አዞረች። መብራቷ ጭል እንኳ አላለችም። ከፖስታ ውስጥ ጥፍር የሚያካክሉ ሁለት ጥቁር ቁርጥራጮች አወጣች።

«እነዚህ ካርቦኖች ባልሽ ሲመለስ የግቢው በር ላይ ይዘን ስንፈትሸው ኪሱ ውስጥ የተገኙ ናቸው።»

ጎንበስ ብላ ዲናሞው ውስጥ ሰካቻቸው። ቀይዋ በራች። ነቀለቻቸው፤ ጠፋች።

«የዚች መብራት ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በዲናሞው በኩል ነው፤ ካርቦኖቹ ድልድዩ ናቸው። እነሱ ኪስ ውስጥ ሆነው መብራቷ አትበራም። ታዲያ አንተ ምን አየህ?»

ወንድምየው ወደ በሩ አየ።

«ቆይ፣ እኔ ልንገርህ። ሰሞኑን በዚህ ቤት ወሬው ሁሉ ‹ቀይዋ አልጠፋ አለች› ነበር። ውሸትህ እውነት እንዲመስል እሷን ጨመርክበት። ባልየው ሲወጣ ግቢው ውስጥ የቀራችሁት አንተና አባትህ ናችሁ። ሞተሩን ያስነሳኸው፣ ድንጋዩን ያነሳኸውም አንተ ነህ። ያን ጊዜ መብራቷ አለመብራቷን አላየህም፤ ዓይንህ የኋላ መቀመጫው ላይ ነበር።»

ወንድምየው መኪናዋን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

«አንቺ አግብተሽ ወጣሽ፣ እህቴ» አለ። «እኔ እናታችን ከሞተች ጀምሮ ላጥበው፣ ላብላው፣ ልደግፈው። ልሂድ ባልኩት ቁጥር ‹እኔ ሳልሞት ከዚህ ግቢ ንቅንቅ አትልም› ይለኝ ነበር። ሰምተሽዋል እኮ።»

ሰምታዋለች። የሽማግሌ ቀልድ መስሏት ስቃ ነበር። አሁን ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ካቴናው ከባሏ እጅ ወጥቶ ወንድሟ እጅ ገባ። ወንድሟ ግቢውን አቋርጦ የግቢው በር ጋ ሲደርስ ቆም አለና ዞሮ አያት።

«ወጣሁ» አላት።