ከታች ጀምሮ የሚያነብ ሰው

ቀድሜ የሰማሁት ድምፁን ነው። ፊቱ የመጣው በኋላ ነው፤ ያውም ግራሶ ተለቅልቆ።

የሕንፃችን ሊፍት ተበላሽቶ በደረጃ እየወጣሁ ነበር። የምሠራበት የጥርስ ላብራቶሪ አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ ሦስተኛው ላይ ትንፋሼን ልሰብስብ ብዬ ቁጭ አልኩ። በዚያ ሰሞን ሥራዬም ጨዋታዬም የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎችን ማወዳደር ሆኖ ነበር። ተማሪዎች ስለ ትምህርት ቤታቸው የሚጽፉበትና ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ የሚሰጡበት ድረ ገጽ አለ። ታላቅ እህቴ በስልክ ታዳምጠኛለች፣ እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላታለሁ።

«ስሚ ይሄን። ‹ግቢው ገነት ነው። መምህራኑ እንደ ወላጅ ናቸው። ሕይወቴን ቀይሮታል።› አምስት ኮከብ።»

«ገነት ከሆነማ ምን ትጠብቂያለሽ» አለች እህቴ።

«የሚያመሰግኑትን ተዪና የሚያማርሩትን አንብቢ» አለ ሌላ ድምፅ።

ዞር ብል ሰው የለም። ድምፁ የመጣው ከተከፈተው የሊፍት በር፣ ከጨለማው ውስጥ ነው። ወዲያው መብራት የታሰረበት ቆብ ብቅ አለ፤ ከቆቡ ሥር ደግሞ ሁለት የሚስቁ ዓይኖች።

«ይቅርታ እህቴ፣ ጆሮዬን የማስቀምጥበት ቦታ አጥቼ ነው። ግን እውነቴን ነው። ሊፍት ሲፈተሽ እንዴት ያምራል አይባልም፣ የቱ ጋ ሊበጠስ ይችላል ነው የሚባለው።»

«እኔ የምፈልገው ሊፍት አይደለም፣ ትምህርት ቤት ነው።»

«ያው ነው። ሁለቱም ወደ ላይ ላውጣሽ ይላሉ።»

እህቴ ስልኩ ውስጥ በሳቅ ፈረሰች። እኔ እንዳልስቅ ከንፈሬን ነከስኩ፣ እሱም መንከሴን አየ።

ያ አሮጌ ሊፍት ዕድሜ ይስጠውና ሳምንት ሳይሞላው ይበላሽ ነበር። ጠጋኙ ይመጣል፣ ሥራውን ይጨርሳል፣ ከሥራ ስወጣ ሕንፃው ሥር ያለችው ሻይ ቤት ውስጥ አገኘዋለሁ። ከመቀመጡ በፊት እጁን በዱቄት ሳሙና እስኪቀላ ይፈትገዋል። ግራሶው ግን ከጥፍሩ ሥር አይወጣም፣ እሱም ጣቶቹን ብርጭቆው ሥር ይደብቃቸዋል። እንዳላየሁ እሆናለሁ። ደስ ይሉኝ እንደነበር ማን ይንገረው።

ምን ልማር እንደፈለግሁ የነገርኩት እዚያው ነው። አንድ ቀን አንዲት እናት በመኪና አደጋ ጆሮዋን ያጣች ትንሽ ልጅ ይዛ ላብራቶሪያችን መጣች። «ጥርስ ከሠራችሁ ጆሮስ አትሠሩም?» አለች። አለቃዬ በትሕትና መለሳት። ልጅቷ ስትወጣ ሻርፗን ወደ ጎን ሳብ አደረገች፣ ያ እንቅስቃሴ ዓይኔ ላይ ቀረ። ጆሮና አፍንጫ መሥራት የሚያስተምር ትምህርት ቤት በአገራችን የለም። ስለዚህ መሄድ ነበረብኝ።

«እንግዲያው ደህና አድርገን እንፈትሽልሻ» አለ።

ሥራ ተከፋፈልን። እኔ አምስት ኮከብ ከተሰጣቸው ጀምሬ እወርዳለሁ፣ እሱ ከአንድ ኮከብ ጀምሮ ይወጣል፣ ሦስት ላይ እንገናኛለን። እኔን «አምስት ኮከብ» አለኝ፣ እኔም «አንድ ኮከብ» አልኩት።

«ይቺ፣ ‹ምግቡ ጨው የለውም› ብላ አንድ ኮከብ ሰጥታለች። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ጨው ይዘሽ ትሄጃለሽ። ይሄኛው ግን ‹መምህሩ ግማሹን ዓመት አልመጣም› ይላል፤ ሦስት ሰው ደግሞታል። ይሄ የተበላ ገመድ ነው፣ ሰርዢው።»

እንዲህ እንዲህ እያልን ብዙዎቹን ጣልናቸው። መጨረሻ ላይ ባሕር አጠገብ ያለው አንዱ ቀረ። እኔ የምፈልገውን ሙያ አሟልቶ የሚያስተምር እሱ ነበር። አንድ ኮከብ ስልኩን ይዞ አስተያየቶቹን ወደ ላይ ወደ ታች ደጋግሞ አገላበጠ።

«እሺ፣ ይሄኛውስ?»

ሻዩን አማሰለ። ስኳር እንደማይጨምር አውቃለሁ።

«ላብራቶሪው ተዘግቷል ይላል። ተማሪው በወረቀት ብቻ ነው የሚማረው።»

አላንገራገርኩም። በዓይኑ ላይ ያለኝ እምነት እሱ በጠገነው ሊፍት ላይ ካለኝ እምነት አያንስም ነበር። ተውኩት፣ ከፍቶኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እህቴ ግን ነገር ካልጣማት አትለቅም። «እስቲ አንቺ ራስሽ አንብቢው። ሰው በሰው ዓይን ትምህርት ቤት ይመርጣል እንዴ?» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሱ ከታች ጀመርኩ። ላብራቶሪው ተዘግቷል የሚለው አስተያየት አለ። የተጻፈው ግን እኔ ገና ተማሪ ቤት ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ላብራቶሪ ተሠርቶ ተማሪው ሁሉ ያመሰግናል።

ይህ ሰው ማንኛውም ሊፍት ውስጥ ሲገባ በመጀመሪያ የሚያየው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የመጨረሻውን የፍተሻ ቀን ነው።

በማግስቱ ምድር ቤት፣ ሊፍቱ በር ላይ አገኘሁት።

«ቀኑን አላየኸውም?»

አላየሁም ቢል አምነው ነበር። መፍቻውን ሳጥኑ ውስጥ ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«አይቼዋለሁ» አለ። «ስለዚያ ትምህርት ቤት መጥፎ ነገር ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ያገኘሁት ያንን አሮጌ ወሬ ብቻ ነው። እሱን አነበብኩልሽ።»

«ለምን?»

«ለምን እንደሆነማ ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። እወድሻለሁ ቢለኝ፣ አትሂጂብኝ ቢለኝ እያለቀስኩም ቢሆን እሰማው ነበር። እሱ ግን የማናውቀውን ሰው አሮጌ ምሬት ተውሶ መጣ። አናደደኝ።

«ሊፍት ላይ እንዲህ ብታደርግ ሰው ታስጨርሳለህ» አልኩት። በደረጃ ወጣሁ። አገር እስክለቅ ድረስ ሊፍቱ ደህና እየሠራም በደረጃ ነበር የምወጣው። እግሬ ጠነከረ፣ ልቤ ግን እንደዚያው ነበር።

ለመመዝገብ ጥቂት ጊዜ ቀርቶ ነበር፤ ደረስኩበት፣ ተቀበሉኝም። ደጋግሞ ደወለ፣ አላነሳሁም። ሳልሰናበተው ሄድኩ።

ትምህርት ቤቱ የተባለውን ያህል፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ ሆኖ አገኘሁት። መስኮቴን ስከፍት ባሕሩ ይታያል፣ ላብራቶሪው ሰፊና ብርሃን የሞላበት ነው። የመጀመሪያ ጆሮዬን ከሲሊኮን ሠርቼ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ መምህሬ ብርሃን ላይ አገላብጣ «ግሩም ነው» አለች። ጓደኞቼም ግሩም ነው አሉ። እኔ ግን ዞር ዞር ብዬ አንድ ሰው ፈለግኩ። ጠጋ ብሎ አይቶ «እዚህ ጋ ሳስታለች» የሚለኝን። በእርግጥም ጫፏ ላይ ሳስታ ነበር፣ ማንም አላየልኝም። ያን ቀን ማታ በጣም ናፈቀኝ።

«ደውዪለታ» አለች እህቴ።

«ዋሽቶኛል እኮ።»

«ዋሽቷል። ሲጠየቅ ግን አልዋሸም፣ እሱን ለምን አትቆጥሪለትም? ለመሆኑ ላለፈ ክረምት ቤት ይሠራል?»

ስልኩን በቃሌ አውቀዋለሁ። መደወል ግን አቃተኝ። ሃሎ ቢል ምን እላለሁ? ኩራት የሚሉት ነገር ሲይዝ እንዲህ ነው፤ ሰባት ባሕር ያሻገረኝ እግር አንድ ቁልፍ መጫን ከለከለኝ። በመጨረሻ እሱ የሚያነበው ቦታ ሄጄ ጻፍኩለት። አሁንም የሚያስበኝ ከሆነ ያለሁበትን ትምህርት ቤት ማየቱ አይቀርም፣ ካየ ደግሞ የሚጀምረው ከታች ነው። ድረ ገጹን ከፈትኩ፣ አንድ ኮከብ ሰጠሁ፣ በአማርኛ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ትምህርቱ ጥሩ ነው። ላብራቶሪው ጥሩ ነው። ምግቡ ጨው የለውም፣ እሱ ብልሽት አይደለም። አንድ ሰው ግን ይጎድላል። አራቱን ኮከብ የቆረጥኩት በእሱ ምክንያት ነው። እዚህ ድረስ ከታች ጀምሮ የሚያነብ ሰው ካለ፣ ቂሜን ትቼዋለሁ።»

መጀመሪያ የመለሰልኝ ትምህርት ቤቱ ነው። ጽሑፌን በኮምፒዩተር አስተርጉመው ኖሮ፣ በጣም ማዘናቸውን ገልጸው፣ በክፍላችን የታየውን የሰው ኃይል እጥረት በቅርቡ እንደሚያሟሉ ቃል ገቡልኝ። ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

እሱ ግን ምንም አላለም። በረዶው ወረደ፣ ቀለጠ፣ ዛፎቹ ቅጠል አወጡ። ገጹን ከፍቶ ማየት እንደ ፊት መታጠብ የየጠዋት ልማድ ሆነብኝ። አላነበበውም፣ ወይም አንብቦ ትቶታል አልኩ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ይቅርታ ሥር አዲስ መልስ አየሁ። የጸሐፊው ስም «አንድ ኮከብ» ይላል።

«አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ከታች ጀምሬ ማንበብ ትቻለሁ። ያለሽበትን ቦታ ጥሩ ጥሩውን ልስማ ብዬ ከአምስቶቹ ጀመርኩ። ብዙ ሰው ያመሰግነዋል፣ ደስ አለኝ። ሁሉንም አንብቤ አንቺ ጋ የደረስኩት ትናንት ነው። ቀኑን አየሁት፣ ቆይቷል። አሁንም እንዲሁ ነው?»

ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«እንዲሁ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለኝ እጁን እስኪቀላ ፈትጎ ነው። ለዚያች ልጅ ጆሮ ስሠራ አጠገቤ ተቀምጦ «እዚህ ጋ ሳስታለች» አለ፣ አስተካከልኳት፣ ልጅቷ ሻርፗን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ከሠርጋችን በኋላ እህቴ አላስቀምጥ አለችን። «በእናንተ ጣጣ የሰው ትምህርት ቤት ስም ይጉደፍ?» እውነቷን ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠን ገጹን ከፈትን። አንዱን ኮከብ ወደ አምስት ለወጥኩ፣ ከይቅርታቸው ሥር ደግሞ «የጎደለው ሰው ተሟልቷል፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ጻፍኩ።

ባሌ በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ አየ።

«የዛሬው ቀን መጻፉን አረጋግጪ» አለኝ።