ያልሞተው ድንጋይ

የኦራሲዮ ሬሳ ከደሴቲቱ ደቡብ ዳር፣ ከድንጋዩ ግንብ ሥር በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል፤ ጀርባውና እግሩ ላይ የግንቡ ድንጋዮች ተከምረዋል። ኡርዱብ በሩብ ሰዓት ተዞራ የምታልቅ ደሴት ናትና ፀሐይ ሳትጠነክር ሕዝቡ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሬሳው ሳይነሣ ፍርዱም ተሰጠ። ግማሹ «ግንቡ ተናደበት» አለ። ግማሹ ደግሞ «አማቹ አቲሊዮ ነው የናደበት» አለ።

ሳጅን ኦሎዋይሊ በፖሊስ ጀልባ ስትደርስ ገመዷን የተቀበላት ሰው አልነበረም። የዚሁ ደሴት ልጅ ናት። ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የእናቷን ልብስ አውልቃ የመንግሥት ሱሪ ስለታጠቀች እስካሁን ይቅር ያላት የለም።

«ሱሪዋ መጣች» አሉ አንዲት አሮጊት፣ እንድትሰማቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ሰው ሲሞት እንደ አሞራ ከተፍ ትላለች።»

«ለሠርግማ መቼ ጠርታችሁኝ ታውቃላችሁ፣ እማማ?» አለችና አልፋቸው ሄደች።

የደሴቲቱ አለቃ፣ በማዕረጋቸው ሳይላው፣ ጊዜ ቆርጠው ሰጧት። ከሰዓት በኋላ ጉባኤ አለ። ሕዝቡ ደሴቲቱን ለቆ ወደ ዋናው ምድር ይሻገር ወይስ እዚሁ ይቅር የሚለው ዛሬ ይለይለታል። ባለፈው ታኅሣሥ ባሕሩ ቤት ድረስ ገብቶ አንድ ሕፃን ከተኛበት ወስዷል፤ መጪው ታኅሣሥ ደግሞ ሁለት ወር ብቻ ቀርቶታል። ኦራሲዮ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ውሃ ውስጥ የተተከለ ዘንግ እያነበበ የባሕሩን ከፍታ በደብተር ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ዛሬ ደብተሩን በጉባኤው ፊት ሊገልጥ ነበር።

«እስከ ጉባኤው ገዳዩን ካላገኘሽ» አሉ ሳይላው፣ «አማቹን ይዘሽልን ትሄጃለሽ። ደብተሩም ከሰውየው ጋር ይቀበራል። ባሕር የሚቆጥር ሰው መጨረሻው ይኸው ነው እየተባለ ነው።»

ኦሎዋይሊ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የኡርዱብ ወንዶች ደሴታቸውን የሚያሰፉት ከባሕሩ ሥር ኮራል የሚባለውን ሕይወት ያለው ድንጋይ እየነቀሉ ነው፤ የነቀሉትን እስኪሞትና ሽታው እስኪለቅ ድረስ ሦስት ሳምንት ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ግንብ የሚሆነው። ጀርባው ላይ የተከመሩት ድንጋዮች እንደ አጥንት ነጭና ደረቅ ናቸው። ከጭንቅላቱ ጎን የወደቀው አንዱ ግን ቡናማ ነው። ነካችው፤ ያሟልጫል። አንድ ጎኑ ላይ የሰናፍጭ ቀለም ያለው ነገር ተለጥፎበታል። የደሴቲቱ ሰው «እሳት ድንጋይ» የሚለው እሱ ነው፤ የነካውን ሰው ቆዳ ይለበልባል። ኦሎዋይሊ የሬሳውን መዳፎች ገልብጣ አየች። ንጹሕ ናቸው።

የኦራሲዮ ልጅ ኢናዲሊ ደብተሩን አምጥታ ደረቷ ላይ ወረወረችላት።

«አንብቢው። አባቴን ሲያላግጡበት ለኖሩ ሰዎች ግን አላነብም።»

የመጨረሻው ገጽ የትናንት ነው። «ውሃው በአንድ ሌሊት ስንዝር ተኩል ወረደ። ባሕር እንዲህ አይቀልድም። ነገ በደንብ አየዋለሁ» ይላል።

አቲሊዮ ሸሚዙን አውልቆ ታንኳ ላይ ተቀምጧል። እንደ አገሩ ልማድ ሚስቱ ቤት ገብቶ፣ በአማቱ ጣሪያ ሥር የሚኖር ጎልማሳ ነው።

«ትናንት ተጣልታችኋል አሉ» አለችው።

«ትናንት ብቻ? በየቀኑ ነው እንጂ! እኔ አሣ አጥማጅ ነኝ፤ ጫካ ገብቼ ምን ላጠምድ ነው? ዝንጀሮ?»

«ድንጋይስ መቼ ነው የነቀልከው?»

«ምን ድንጋይ አለ? ዝናቡ ወንዙን አውርዶ ባሕሩን ካደፈረሰው ሦስት ሳምንት አለፈው። በደፈረሰ ውሃ ማንም አይጠልቅም። እሳት ድንጋዩ አይታይማ።»

እጁን፣ ደረቱን፣ አንገቱን አየችው። ጭረት እንኳ የለበትም።

ለእንግዶች ጎጆ የምታከራየው ኒክሲያ ደግሞ ከነጭራሹ በር አልከፈተችላትም። በሸምበቆው ግድግዳ ቀዳዳ ነው ያናገረቻት።

«እንሂድ ካላችሁ ሂዱ! ፈረንጅ ጫካ ሊያይ አይመጣም። አዎ፣ ጠልቼዋለሁ። ግን ከትናንት በስቲያ ጀምሮ እኅቴን ሳዋልድ ዋናው ምድር ነበርኩ፤ የመጣሁት አሁን ከውሃ ቀጂዎቹ ጋር ነው። ጠይቂያቸው።»

ጠየቀቻቸው። እውነቷን ነው።

መሻገሩን ከሚቃወሙት የቀሩት ዴልፊኖ ናቸው። ማዕረጋቸው አርጋር ይባላል፤ ሳይላው በጉባኤ የሚያዜሙትን ቃል ለሕዝብ የሚፈቱ ሰው ናቸው። የደሴቲቱን ግንብ ያሠሩትም እሳቸው ናቸው። ወንዱ ሁሉ በሙቀቱ ራቁት ደረቱን ሲሄድ ዴልፊኖ ባርኔጣ ደፍተው፣ ከረባት አስረው፣ የሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ አንጓቸው ቆልፈው ተቀምጠዋል። ቤቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል።

«ጋሼ ዴልፊኖ፣ ኦራሲዮን ይጠሉት ነበር?»

«አንቺ ስትወለጂ ይቺ ደሴት ግማሿ ውሃ ነበረች። ሃያ ስድስት ዓመት ድንጋይ አሸክሜ መሬት አደረግኋት! እሱ ግን "ኮራሉን ነቅላችሁ ማዕበሉን ጠራችሁት" ይለኛል። በረዶውን የሚያቀልጠው፣ ባሕሩን የሚያሳብጠው የባለፋብሪካ አገር ጭስ ነው ብሎ ራሱ ሲሰብክ አልነበረም? እኔ ምን ፋብሪካ አለኝ?»

«ሁለቱንም ይል ነበር። ባሕሩን የላኩብን እነሱ ናቸው፤ በሩን የከፈትንለት እኛ ነን ይል ነበር። እኔም በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ።»

«እንግዲያው ሂጂና ዘንጉን እዪው! ውሃው ወርዷል። ባሕሩ ራሱ ውሸታም አደረገው።»

ሄደች። ዘንጉ ከግንቡ አሥር እርምጃ ርቆ፣ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ተተክሏል። ጥቃቅን ዛጎሎች ውሃ በሚነካው ክፍል ላይ ሁሉ ተጣብቀው ይኖራሉ፤ ከውሃ ከወጡ አይኖሩም። አሁን ከውሃው በላይ ስንዝር ተኩል ያህል ዛጎል አፉን ከፍቶ ሞቷል፤ ይገማል። ሥሩ ዙሪያ ቡናማ ድንጋዮች እንደ ሽብልቅ ተሰክተዋል፤ አንዱ ከቦታው የለም።

ኦሎዋይሊ በቁጣ ሳቀች። ሰው ባሕሩን ዝቅ ማድረግ ሲያቅተው መለኪያውን ከፍ ያደርጋል።

ጉባኤው ጢም ብሎ ሞላ። ሳይላው መሐል ላይ በተንጠለጠለው የገመድ አልጋ ተጋድመዋል፤ ዴልፊኖ አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ኦሎዋይሊ ስትገባ ጉምጉምታ ተነሣ።

«አጭር አድርጊው» አለ አንዱ።

«ራሳችሁ ስታሳጥሩት ነው የሚያጥረው። ግንቡ ኦራሲዮን አልገደለውም። የግንብ ድንጋይ የሞተ ነው፤ ጭንቅላቱን የመታው ግን ሕይወት ያለው ነው። ሦስት ሳምንት ማንም አልጠለቀም ብላችኋል። ታዲያ ሕይወት ያለው ድንጋይ ከየት መጣ? ከዘንጉ ሥር ነው። ከትናንት በስቲያ ማታ አንድ ሰው ዘንጉን ስንዝር ተኩል ወደ ላይ መዝዞ በአዲስ ኮራል ሸበለቀው። ውሃው የወረደ እንዲመስላችሁ ነው። የዛጎሉን ግማት እዚያው ሄዳችሁ አሽትቱ። ኦራሲዮ ትናንት ጠረጠረ፤ ዛሬ ማለዳ ሥሩን ሊያይ ጎንበስ ሲል ከዚያው ሽብልቅ አንዱ ተነቅሎ ከኋላው ተመታ። ከዚያ ገዳዩ ከነድንጋዩ ግንቡ ሥር ጎትቶ ወስዶ ግንቡን ናደበት።»

ኦሎዋይሊ ወደ መሐል ገባች።

«ድንጋዩ ላይ እሳት ድንጋይ አለበት። እንዲህ ያለውን የኡርዱብ ወንድ በቀን አይነካም። በምሽት፣ በደፈረሰ ውሃ፣ በዳሰሳ የለቀመ ሰው ግን ክንዱና ደረቱ ይቃጠላል። ወንዶች፣ ሸሚዝ የለበሳችሁ አውልቁ።»

የለበሱት ጥቂቶች ናቸው። እያጉረመረሙ አወለቁ። ዴልፊኖ አልተነቃነቁም።

«በሳይላ ፊት ልብስ አይወለቅም» አሉ።

«አውልቅ» አሉ ሳይላው፣ ቀና ሳይሉ።

ከረባቱ ተፈታ፤ ሸሚዙ ወረደ። ክንዳቸውና ደረታቸው ውሃ በቋጠረ ቀይ ቁስል ተሸፍኗል፤ ቃጠሎውን ሊያበርዱበት የተቀቡት የኮምጣጤ ሽታ ጉባኤውን ሞላው።

«ድንጋይ የሚሠራ ሰው አይቃጠልም?» አሉ ዴልፊኖ።

«ሦስት ሳምንት ድንጋይ ሳይነቀል? እሳት ድንጋይን መለየት ለዚህ ሁሉ ወንድ ያስተማሩት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። የተቃጠሉትም እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ዴልፊኖ ዙሪያቸውን አዩ። ሊክዱ አፋቸውን ከፈቱና የሕዝቡ ዓይን መለሳቸው።

«ልገድለው አልሄድኩም» አሉ በመጨረሻ። «ዘንጉን እንዲተወው ልለምነው ነበር። እሱ ጎንበስ እንዳለ "ዴልፊኖ፣ ይሄ ያንተ አሠራር ነው፤ ድንጋይ አሰካክህን አውቀዋለሁ" አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት! ኮራሉ የባሕር አጥራችን ነበር ብላችሁ ብታምኑ፣ ያሸከምኳችሁ ድንጋይ ሁሉ መቃብራችሁ ነበር ማለት ነው። ይህን ሰምቼ እንዴት እኖራለሁ?»

ጉባኤው ፈነዳ። አንዱ «ስቀሉት!» አለ፣ ሌላው «ሁላችንም ተሸክመናል!» ብሎ ጮኸበት፤ ወንበር ተገለበጠ። የዴልፊኖ ሚስት ሦስት የልጅ ልጆቿን አቅፋ ጥግ ላይ ቀርታለች፤ ሴቶቹ ከጎኗ እየተነሡ ሄዱ።

ሳይላው እጃቸውን ሲያነሡ ጩኸቱ ረገበ። ቃላቸውን የሚፈታ ስላልነበረ በተራ ቋንቋ ተናገሩ። «እንሻገር የምትሉ እጅ አውጡ።»

መጀመሪያ የአቲሊዮ እጅ ወጣ። ከዚያ እየተገላመጠ፣ እየተነጫነጨ፣ የሁሉም ወጣ ማለት ይቻላል።

«ታንኳው ጥቂት ነው» አሉ ሳይላው። «ከማን ቤት ይጀመር?»

ኢናዲሊ ብድግ አለች። ደብተሩን ገለጠች።

«ከዴልፊኖ ቤት።»

ሴቶቹ ጮኹ። «የገዳይ ቤት? አባትሽን...»

«ስለምወዳቸው አይደለም!» ብላ ጮኸችባቸው። «ዓይናቸውን ማየት አልፈልግም። ግን ቤታቸው መጨረሻ በተሞላው መሬት ላይ ነው፤ ከሁሉም ዝቅ ያለው እሱ ነው። ሕፃናት አሉበት። አባቴ የመሻገሪያውን ተራ ከላይ እስከ ታች ጽፎታል፤ መጀመሪያ ያለው እነሱን ነው።»

ከዚያ ለዴልፊኖ ሚስት ጀርባዋን ሰጥታ ሁለተኛውን ስም አነበበች።