እጀ ባሕር ላይ ማን አጨበጨበ?

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። እሳቱን ተዉት፤ ይህ ወሬ ጨለማ ይወዳል።

ድሮ ነው፤ ሰዓቱም እንዲህ እንደ አሁኑ። ሐይቁ በሁለት ገደል መሃል እጁን ሰዶ የገባበት አገር ነበረ፤ እጀ ባሕር ይሉታል። ራሱን የቻለ ምክትል ወረዳ ነበር። ኋላ ከላይ ትእዛዝ መጣና ሕዝቡ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ «ፈርሶ ከማዶው ወረዳ ተቀላቅሏል» ተባለ። ያኔ ማን አጨበጨበ? አያ ቸኮል! ስሙ ነዋ፣ ማን ይቅደመው?

የአገሩ ገዥ፣ ምስለኔው ባላምባራስ ደርሶ፣ ከዘራና ሳል የማይለያቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ ዓይናቸው ፈዞ ስለነበር አጨብጫቢውን አላዩትም። «ሞቼም ቢሆን አገኘዋለሁ! ባሕር ነው የምከተው!» እንዳሉ በዓመቱ ሞቱ።

ጭብጨባው ምን አተረፈ? ዳኛው ማዶ ሆነ! አያ ቸኮል ለአጥር ክርክር ሐይቁን ዞሮ ሄደ። «ነገ ና» ተባለ። ሚስቱ «ከመሸ እዚያው እደር» ብላው ነበር፤ የሰማ ማን! ሲመለስ ገደሉ ሥር ጨለመበት። ብቻውን።

ኮቴ ሰማ። ሲቆም ይቆማል፤ ሲሄድ ይሄዳል። ቀጥሎ ከዘራ፤ ቋ... ቋ...። ቀጥሎ ሳል። ሳሉን ያውቀዋል! እናንተስ አወቃችሁት?

«የየት አገር ሰው ነህ?»

«የ... የእጀ ባሕር፣ ጌታዬ!»

«ፈርሷል ይላሉ።»

«ማን አባቱ! እርስዎ እያሉ?»

«እንግዲያው እዘለኝና ድንበሬን ልየው።»

እንቢ ይበል? እስቲ እናንተ በሉ! አዘላቸው። አቤት ክብደት!

«ይህ ገደል?»

«አህያ ጣይ፣ ጌታዬ።»

«ይህ ዋርካ?»

«ታንኳ የምናስርበት።»

«ይህ ሜዳስ?»

አያ ቸኮል ላብ አጠመቀው። «የ... የተሰበሰብንበት።»

«እዚህ ማን አጨበጨበ?»

«እኔንጃ ጌታዬ! እኔ ከኋላ ነበርኩ!»

ጀርባው ቀለለው። እግሬ አውጪኝ ብሎ ቤቱ ገባና በሩን ቀረቀረ። «ተመስገን፣ ተገላገልኩ!» ከማለቱ፣ ከኋላው፣ ጆሮው ሥር፦

ጧ! ጧ! ጧ!

ከዚያ ወዲያ አያ ቸኮል በገዛ ልጁ ሰርግ እንኳ አላጨበጨበም። ሲመሽም ከደጅ አይወጣም። እናንተም ብቻችሁን አትሂዱ።

ምነው ዘለላችሁ? እናንተ ፈሪዎች! አሁን ያጨበጨብኩት እኮ እኔ ነኝ።

ሁለቴ።

ሦስተኛውን ማን ነው ያጨበጨበው?