ስድስት ቁራጭ ጨርቅ

«ሃያ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደች መኪና ምን ትሆናለች ብለህ ነው?» አለች የእታለም እናት ነጭ ጋውኗን እያጠፈች። «ገና ልጅ እኮ ናት!»

«በአሥራ አንድ ዓመት ሃያ ስምንት ሺህ» አለ አባቷ። ከስፌት ማሽኑ ቀና አላለም። «ልጅ አይደለችም። ተኝታ ያረጀች ናት።»

«ይኸው፣ ደግሞ ጀመረህ።»

«ምን ጀመረኝ? ይቺን ማሽን ዓመት ሙሉ ሸፍኜ ባስቀምጣት ምን እንደምትሆን ታውቂያለሽ? ዘይቷ እንደ ሙጫ ይይዛታል። ቀበቶዋ ይሰነጣጠቃል። ያልተሠራበት ዕቃ ሁሉ ደህና ነው ያለሽ ማነው?»

«መኪናንና የስፌት ማሽንን ምን አገናኛቸው?»

«ልክ ነሽ። ማሽኔ ቁልቁለት አትወርድም።»

እታለም በልብስ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተንበርክካ የወደቁ ስፒሎችን በማግኔት ትለቅም ነበር። ስፒሎቹ ካለቁ ቆይተዋል። ያልወጣችው እዚያ ፊቷን የሚያይባት ስለሌለ ነው። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው። «እታለም» ብሎ መጥራት የጀመረው ታናሽ ወንድሟ ድንቡሼ አፉን ሲፈታ ነው፤ ቤቱም ሰፈሩም ተከተለው። ድንቡሼ አሁን ስድስት ዓመት ሆኖታል።

እናቷ ነርስ ናት። ከሰኞ ጀምሮ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ከተራራው ግርጌ ነው። መንገዱ ሁለት ሰዓት ሙሉ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ በአንድ በኩል ቀጥ ያለ ድንጋይ፣ በሌላው በኩል ባዶ አየር። በቤንዚንም በባትሪም የምትሄደውን ሃይብሪድ የገዙት ለዚሁ መንገድ ብለው ነበር። ዛሬ ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልትነሳ ነው። ድንቡሼንም ይዛው ትሄዳለች፤ ሳምንቱን እዚያ ካለችው አክስታቸው ጋር ይቆያል።

«ጋሽ ቡሎን የጻፉትን ላንብብልሽ» አለ አባቷ። ጋሽ ቡሎን ከመንገዱ ማዶ ጋራዥ ያላቸው ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። መኪናዋ የመጣች ዕለት ዙሪያዋን ዞረው፣ ሥሯ ተኝተው፣ መደረግ ያለበትን ሁሉ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፈው ሰጥተዋል። «የፍሬን ዘይት፤ ከዕድሜ ብዛት ውሃ ስቧል። የሞተር ዘይት። ጎማ፤ ጥርሱ አዲስ ነው፣ ጎኑ ግን ተሰነጣጥቋል። የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ። የኤሌክትሪኩ ክፍል ማቀዝቀዣ፣ ይሄ ለብቻው ነው…»

«እሳቸው እኮ የሕፃን ጋሪ ብትወስድላቸው ሞተር ካላወረድን የሚሉ ሰው ናቸው!»

«መታጠፊያ ላይ ፍሬኑ እምቢ ቢልሽስ?»

«ትናንት ገበያ ስሄድ እምቢ አላለኝም። ስማ፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ መግባት አለብኝ። እሳቸው አንዴ ከፈቷት ደግሞ ሳምንት ነው። የመጀመሪያ ቀኔን ቀርቼ አለቆቼን ምን ልበላቸው? መኪናዬ ዘይት እየጠጣች ነው?»

«በአውቶቡስ ሂጂ።»

«አውቶቡስ! ስንት ዓመት ስንጠለጠልበት ኖሬ፣ መኪና ገዝቼ፣ መኪናዬን ግቢ አቁሜ፣ አውቶቡስ!» እናቷ ጋውኑን ሻንጣው ውስጥ ወረወረችው። ከዚያ ድንገት ጎንበስ አለችና ከጠረጴዛው ሥር አየቻት። «እሺ፣ ምስክር ይጠራ። እታለም፣ ነይ ውጪ። በየቀኑ የምትወለውያት አንቺ ነሽ። እስቲ ንገሪው። አንድ ቀን እንኳ ከሥሯ ጠብታ አይተሻል?»

እታለም ወጣች። በእጇ የያዘችው ማግኔት ላይ ስፒሎቹ እንደ ጃርት እሾህ ቆመዋል። አባቷ ማሽኑን አቆመ። ሁለቱም አዩዋት።

«አላየሁም» አለች።

«ምንም?»

«ምንም።»

አባቷ ካርቶኑን አጥፎ ከመቀሱ ሥር አስገባው። «እንግዲህ እሷ ካላየች የለም ማለት ነው» አለ። «ይቺ ልጅ ዓይን አላት። ነጭ ጨርቅ ላይ ነጭ ክር ታያለች። ግን ስትመለሺ ወዲያው ለጋሽ ቡሎን ትሰጫታለሽ።»

«እሰጣለሁ አልኩህ እኮ፣ አንተ ሰውዬ!» እናቷ ሳቀች።

ጠቡ በዚሁ አለቀ። ጠቡን የጨረሰችው እታለም ናት፤ በሁለት ቃል።

ጠብታውን ስድስት ጊዜ አይታዋለች።

ነገሩ የሆነው ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከኋላ ወንበር ጎን ወንፊት የመሰለ ትንሽ መተንፈሻ አለ፤ ትልቁ ባትሪ አየር የሚስበው በእሱ ነው። «ይሄ ከታፈነ ባትሪዋ ትታመማለች» ብለው ነበር ጋሽ ቡሎን። «ቀጭን ጣት ያላት ታጽዳው።» ሥራው የእታለም ሆነ። «ኮፈኑ ሥር ያለውን ብርቱካናማ ሽቦ ግን ማንም እንዳይነካ። እኔ ራሴ ስነካው ልቤ ይመታል።»

በዚያ እሑድ ቁልፉንና ብሩሿን ይዛ ገብታ ከመጀመሯ በፊት ሙዚቃ አማራት። እናቷ እንደምታደርገው ፍሬኑን ረግጣ ማስነሻውን ተጫነች። መብራቶቹ በሩ፣ ራዲዮው ዘፈነ፣ ሞተሩ ግን ትንፍሽ አላለም። አልተነሳችም ብላ አሰበች። ሃይብሪድ ተነስታም ዝም እንደምትል ተነግሯት ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን ትዝ አላላትም። የኋላ ወንበር ላይ ተደፍታ አቧራውን ስታራግፍ ድንቡሼ በሾፌሩ በር ገባ።

«ቢብ ቢብ! ዞር በሉ፣ ሾፌር መጣ!»

ፍሬኑ ላይ በሁለት እግሩ ቆሞ ማርሹን ጎተተ። ከዚያ ከፍሬኑ ላይ ወረደ።

መኪናዋ ያለ አንዳች ድምፅ ሄደች። እታለም ቀና ስትል የውሃ ታንከሩ የተቀመጠበት የሲሚንቶ መሠረት እየቀረበ ነበር፤ መኪናዋ የቆመች፣ ግቢው የሚመጣባት ነበር የሚመስለው። ድው! በሁለቱ ወንበሮች መሀል ተወርውራ ፍሬኑን በእጇ ተጫነችው። ስታጠፋት ማስነሻውን ሁለት ጊዜ ሳተችው።

ፓራውልቱ፣ የፊት መከላከያዋ፣ ገባ ብሎ ነበርና ተመልሶ ወጣ። የቀረው የጣት ርዝመት ያለው ጭረት ብቻ ነው። አባቷ በማሽኑ ጩኸት ምንም አልሰማም። እናቷ ጎረቤት ነበረች። ድንቡሼ «እማዬ ትቆጣኛለች?» አለ።

«ማንም አያውቅም» አለችው። «እኔና አንተ ብቻ።»

ቃሉን የገባችው ለእሱ ብላ ይመስላት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ከመኪናዋ አፍንጫ ሥር ሮዝ ጠብታ አገኘች። ከአባቷ ቁርጥራጮች አንድ ነጭ ጨርቅ አነሳችና ጠረገችው። ማክሰኞም ነበረ። ረቡዕም። እድፉ በየቀኑ ይሰፋል። ሐሙስ ከእናቷ ጋር ዳገቱን ሲወጡ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ እናቷ ለምታውቃት ሴት እጇን እያውለበለበች ስለነበር አላየችውም። ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኮፈኑን ከፈተች። ብርቱካናማዎቹ ሽቦዎች ተጋድመው ነበር። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ በዓይኗ ብቻ፣ የኤሌክትሪኩን ክፍል ማቀዝቀዣ የያዘችውን ትንሽ ዕቃ ፈለገች። ሮዙ ፈሳሽ ከታችኛው መስመር በታች ወርዷል።

ስድስተኛውን ጨርቅ የተጠቀመችው ዛሬ ጠዋት ነው። ሁሉም ከትምህርት ቤት ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከሒሳብ ደብተሯ ሥር ናቸው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ወደ ግቢው ወጣች። ድንቡሼ ቦርሳውን አቅፎ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

«ጫማህን አገላብጠህ ነው ያደረግኸው» አለችው።

«አውቃለሁ። እንደዚህ ነው የምፈልገው።» ዝቅ ብሎ ጫማውን አየና ቀና አለ። «እታለም፣ አሁንም ትደማለች?»

«ማን?»

በአገጩ ወደ መኪናዋ ጠቆማት።

«ደም አይደለም። ማቀዝቀዣ ነው። እንዳትግል የሚያደርጋት ነገር።»

«ከጋለችስ?»

መልሱን ታውቀዋለች፤ ጋሽ ቡሎን ለአባቷ ሲነግሩት ሰምታለች። «የኤሌክትሪኩ ክፍል ከጋለ ሳታስጠነቅቅህ ቀጥ ትላለች፤ የትም ቦታ ቢሆን።» የትም ቦታ። መታጠፊያው ላይ፣ ከኋላ የጭነት መኪና እየመጣ፣ ባዶ አየር ባለበት በኩል።

«እኔ ከኋላ ነው የምቀመጠው» አለ ድንቡሼ። «መተንፈሻውን በቦርሳዬ አልደፍነውም። እዪ፣ ጭኔ ላይ ነው የማደርገው።»

ተንበርክካ ከመኪናዋ ሥር አየች። ጠዋት የጠረገችው ቦታ ላይ አዲስ ጠብታ ነበር። እያየችው ሌላ ወረደና ተቀላቀለው። ከልማድ የተነሳ እጇ ወደ ኪሷ ሄደ፤ ጨርቅ አልነበረም። ቢኖርም አትጠርገውም ነበር።

ወደ ቤት ስትገባ እናቷ ትራሱን፣ መጋረጃውን፣ የጨርቅ ክምሩን እያገላበጠች ነበር።

«እማዬ» አለች እታለም። ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ።

«ወዬ፣ የኔ ሆድ። ምነው ፊትሽ?»

እናቷ ደስ ብሏታል፤ ለአዲሱ ሥራዋ ፀጉሯን ተሠርታለች፤ አዲሱን ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳለች። አባቷ ከማሽኑ ላይ ቀና ብሎ ያያታል፤ ነጭ ክር ታያለች ባለበት ዓይን።

«መነጽርሽ… ራስሽ ላይ ነው።»

እናቷ እጇን ወደ ራሷ ሰደደች። አባቷን ሳቅ አፈነው። «ይቺ ናት እንግዲህ ጠብታ አይደለም ምንም አያመልጠኝም የምትለው! ራሷ ላይ ያለውን ሳታይ መንገድ ልታይ!»

«ዝም በል! አንተ ባለፈው ሜትሩን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ግማሽ ቀን ስትፈልገው አልነበር?»

እየተሳሳቁ ወደ ማድ ቤት ሄዱ፤ እሷ የመንገዱን ሻይ በፔርሙዝ ልትሞላ፣ እሱ ክዳኑ እንደሚያፈስ ሊያሳያት። እታለም ብቻዋን ቀረች። ሰዓቱ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ይላል።

በአፏ መናገር እንደማትችል ገባት።

ቦርሳዋን ከፍታ ጨርቆቹን አወጣች። በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ አባቷ ልብስ በሚለካበት ቦታ፣ አንድ በአንድ ዘርግታ በእጇ መዳፍ አስተካከለቻቸው። የመጀመሪያው እድፍ የአዝራር ያህል ነበር። የመጨረሻው የሳህን ያህል። የአባቷን ጠመኔ አንስታ ከእያንዳንዱ በላይ ቀኑን ጻፈች፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። «ሐሙስ» ላይ ጠመኔው ተሰበረና ስብርባሪውን ይዛ ቀጠለች። ከቅዳሜው ሥር እንዲህ ብላ ጻፈች፤

አላየሁም ያልኩት ውሸት ነው። እሑድ ግቢ ውስጥ ተጋጭታለች፤ ያስነሳኋት እኔ ነኝ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ጋሽ ቡሎንን ልጠራ ሄጃለሁ።

የድንቡሼን ስም አልጻፈችም።

ቁልፉን ከበሩ ጎን ካለው ሚስማር ላይ አወረደችው። ከማድ ቤት የፔርሙዙ ክዳን ሲከፈትና ሲዘጋ፣ እናቷም «ይኸው አላፈሰሰም! አየህ?» ስትል ይሰማል። ደረጃው ላይ ድንቡሼ ጫማዎቹን አውልቆ የትኛው የቀኝ እንደሆነ እያመሳከረ ነበር፤ በአጠገቡ ስታልፍ ቀና አላለም።

የግቢውን በር እንዳይጮኽ አንስታ ከፈተችው፤ አንስታ ዘጋችው። ማንም አልጠራትም። ከመንገዱ ማዶ፣ ሦስት ሱቅ አለፍ ብሎ፣ የጋሽ ቡሎን መዶሻ ቀስ እያለ ብረት ይመታል። ቁልፉ መዳፏ ውስጥ ግሏል፤ ጣቶቿ በጠመኔ ነጥተዋል። መንገዱ ዳር ቆመች፣ ግራና ቀኝ አየች፣ ከዚያ ተሻገረች።