ፊቱን ወደ ቤት ያዞረው ሞተር

አስከሬኑ ከጭቃው ወጥቶ ዳር ላይ ተጋድሟል። ረግረጉ መሃል ባለ አራት ጎማው ሞተር አፍንጫውን ወደ ቤት አዙሮ፣ በኋላው በኩል ጉድጓድ ውስጥ ሰጥሟል። ሟቹን ሰው ሁሉ «ጀልባው» ይለው ነበር፤ ጭቃ መንገድ ሲቆርጥ በሽተኛ የሚያሻግር እሱ ብቻ ነበራ!

«ሲመለስ ተገልብጦበት ነው» አለ ፖሊሱ።

መርማሪዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ገብታ ሞተሩን መረመረች። ጎማዎቹ ላይ የታሰሩት መቅዘፊያዎች፣ እንደ ጭልፋ የጎደጎዱት ብረቶች፣ በተቃራኒው ዞረዋል። ማርሹንም ነካ አድርጋ አየች።

ሕዝቡ ጣቱን የቀሰረው በመንደሩ ብረት በያጅ ላይ ነው። መቅዘፊያዎቹን የሠራው እሱ ነው፤ በቀደም ደግሞ ከሟቹ ጋር ተጣልተዋል።

«ተጣላን ብዬ ሰው እገድላለሁ?» አለ በያጁ። «ሚስቴ እኮ ማዶ ምጥ ላይ ነበረች! ድረስላት ብዬ እግሩ ላይ የወደቅሁት እኔ ነኝ።»

ሚስቱም ሕፃኑም አልተረፉም።

«የቀኝና የግራውን መቅዘፊያ በምን ትለያላችሁ?» አለች መርማሪዋ።

«በጨርቅ። ቀዩ ለቀኝ፣ ነጩ ለግራ። በሽቦ ጠፍሬ ነው የሰጠሁት።»

መርማሪዋ መቅዘፊያዎቹ ላይ ያየችው ጨርቅ ግን ሽቦ የለውም፤ በክር ጥቅጥቅ ተደርጎ ተሰፍቷል። ወደ ሟቹ ሚስት ዞረች።

«አንቺ ስፌት ትችያለሽ?»

«ኧረ እኔ! ‹ጭቃ ይብላህ› ብዬስ ረግሜዋለሁ፣ ምላሴን ይቁረጠው! መርፌ ግን አላውቅም። ቁልፍ ሲበጠስብን እንኳ የሚተክሉልን አማቴ፣ እማማ ናቸው።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በበያጁ ጋራዥ ተሰበሰቡ። የሟቹ እናት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ጥግ ላይ ኩርምት ብለዋል።

«ጀልባው እየተመለሰ አልነበረም» አለች መርማሪዋ። «ማርሹ የኋላ ማርሽ ላይ ነው። ጨርቆቹን አምኖ በጥድፊያ የቀኙን መቅዘፊያ በግራ፣ የግራውን በቀኝ፣ ፊታቸውን ገልብጦ አሰረ፤ ጭቃው ዳር ሲደርስ ጎማው ይቆፍር ጀመር። ገባው። ፈትቶ እንዳያስር ምጥ አይጠብቅም። ተገልብጦ የታሰረ መቅዘፊያ ደግሞ ጭቃውን የሚቀዝፈው ወደ ኋላ ሲነዱት ነው። ስለዚህ ሞተሩን አዙሮ በጀርባው ወደ ማዶ ሄደ፤ ጉድጓዱን አላየውም። ጨርቆቹን ያለዋወጠው በሽቦ የማያስር ሰው ነው።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «የሟቹ ኮት ቁልፍ በዚያው ክር፣ በዚያው አሰፋፍ ተተክሏል። እማማ፣ ለምን?»

በያጁ መዶሻውን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው። ማንን ይምታ?

«ታናሹንም የበላብኝ ይኸው ጭቃ ነው» አሉ እናት። «ይሄኛው እንኳ ዳር ላይ ተሰንቅሮ፣ ተናዶ፣ ይቀርልኛል ብዬ ነው። ምጥ መሆኑን መች አወቅሁ! በመስኮት አይ ነበር… የሞተሩ መብራት ወደ እኔ ዞረ። ልጄ ተመለሰልኝ አልኩ። እግሩን እንዲታጠብ ውሃ ጣድኩለት።»